የስፖት ላይት ቀዳዳ ብረት ላይ አረፈብኝ፤ ጂፕሰሙን ሳላፈርስ እንዴት ላስተካክለው?

ሳቢያን_እናት
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለፈው ወር የሳሎኑን አሮጌ አቡጀዲ ኮርኒስ አስነስቼ ጂፕሰም አስገጠምኩ። ክፍሉ 3.6 በ4.8 ሜትር ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት መብራቱ ይቅደም ብዬ ከታይዋን ገበያ 6 ስፖት ላይት ገዛሁ። ክብ ናቸው፣ ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ።

ትናንት አንድ ሰራተኛ መጣ። በሁለት መስመር ሦስት ሦስት እናድርገው ተባባልን። ከመሃለኛው ጀመረ። መጀመሪያ ሆልሶው (ድሪል ላይ የሚገጠመው ክብ መጋዝ) ጂፕሰሙን ሲበላ ድምፁ ድርቆሽ እንደሚፈረፈር አይነት ነበር። ትንሽ እንደገባ ሲጢጥ አለ። ብረት ነክቷል። ድሪሉን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሊያልፈው ሞከረ። ቀዳዳው ሞላላ ሆነ፤ የጂፕሰሙ ወረቀት ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ተላጠ። «ብረቱን በግራይንደር ልቁረጠው» ሲለኝ አይሆንም አልኩት። እሱም እቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ገብቶኝ መጠበቅ እፈልጋለሁ። የተበላሸውን ቀዳዳ ምን ላድርገው? የቀሩት ብረት ላይ እንዳያርፉ በምን ላውቅ? ደግሞ ካርቶኑ ላይ 90 እና 75 የሚል ሁለት ቁጥር አለ፤ ሰራተኛው የተጠቀመው ግን 83 የሚል ሆልሶ ነው። ትክክለኛው የቱ ነው?


ከዚራ_ፌዝ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡55

እህቴ፣ ብረቱን አላስቆርጥም ማለትሽ ኮርኒስሽን አድኖታል። 19 ዓመት ኤሌክትሪክ ስሰራ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድ ሙሉ የጂፕሰም ቦርድ፣ 1.2 በ2.4 ሜትር፣ ውፍረቱ 12.5 ሚሊ የሆነው፣ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያን ሁሉ ተሸክሞ የያዘው ያ ቀጭን ብረት፣ ቻናሉ ነው። ለአንድ መብራት ብለሽ ስትቆርጪው ዛሬ ምንም አይታይም። ከጥቂት ወር በኋላ ግን መገጣጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል። ስቱኮ ብትቀቢው ተመልሶ ይወጣል፣ ምክንያቱም ከላይ የሚይዘው የለም።

ስለ ቁጥሩ። 90 የመብራቱ የፊት ቀለበት ስፋት ነው። የሚቆረጠው 75 ነው። ገበያ ላይ 76 ሚሊ ሆልሶ ታገኛለሽ፤ አንድ ሚሊ ምንም አይደለም። በ76 ከተቆረጠ ቀለበቱ ዙሪያውን 7 ሚሊ ይሸፍናል። በ83 ሲቆረጥ የሚተርፈው 3.5 ሚሊ ብቻ ነው። ጠርዙ ትንሽ ከተሸረፈ ክፍተቱ ይታያል፣ ስፕሪንጎቹም ጫፍ ላይ ስለሚይዙ መብራቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሆልሶ የሌለው ሰው በእጁ ያለውን ይጠቀማል፤ የኮርኒሱ ባለቤት ግን ካርቶኑን ይዞ ገበያ ይሂድ።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ብረቶቹ የሚሄዱት በየት በኩል ነው? በርዝመቱ ወይስ በወርዱ?


ሳቢያን_እናት
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡20

አላውቅም። ከታች ሁሉም ነጭ ነው፣ ምንም አይታይም።


ሸዋ_በር_አናጢ
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡05

ከሐረር ሰላም ብያለሁ። ልጄ፣ ለዚህ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም። ማግኔት ፈልጊ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በቂ ነው። በቀጭን ጨርቅ ጠቅልዪው፣ ስቱኮው እንዳይቧጨር። ከዚያ ኮርኒሱ ላይ አስጠግተሽ ቀስ ብለሽ አሳልፊው። ጂፕሰሙን ከብረቱ ጋር የያዘው ቪቴ (ጥርስ ያለው ሚስማር) ስቱኮ ስር ተደብቋል እንጂ አልጠፋም። ማግኔቱ ቪቴው ጋ ሲደርስ እጅሽን ሳብ ያደርገዋል። እዚያ በእርሳስ ነጥብ አድርጊ። አንድ ሜትር ያህል ከሄድሽ በኋላ ነጥቦቹ ራሳቸው መስመር ይሰራሉ። ያ መስመር ብረቱ ነው።

አንዱን ብረት ካገኘሽ ሌላውን ለማግኘት ብዙ አትደክሚም። ብዙ ጊዜ በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲ ሜትር ነው የሚደረደሩት። ግን በልብሽ ቆጥረሽ አትመኚ፣ እያንዳንዱን በማግኔት አረጋግጪ። ሰራተኛ ሲደክመው መለኪያው ይዛነፋል።


ገንደ_ቆሬ_7
ቅዳሜ፣ ቀን 8፡40

አቦ ብዙ አታካብዱባት። እኔ ቤት ሁለት ቦታ ብረቱ ተቆርጧል፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ምንም አልሆነም። በአጠገቡ ሌላ ብረት ስላለ ይይዘዋል።


ሸዋ_በር_አናጢ
ቅዳሜ፣ ማታ 12፡30

ወንድሜ፣ ያንተ ስላልወደቀ ደስ ብሎኛል። ግን የተቆረጠው ቻናል ከላይ የሚያቋርጠው መስቀለኛ ብረት አጠገብ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ መሃል ላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ የድሬ ቤት ቆርቆሮ ነው። ቀን ይሰፋል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። እንጨቱና ብረቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በየቀኑ እንዲህ የሚነቃነቅን ነገር ማድከም አልወድም። የመብራት ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር ቢዞር ማንም አይሞትም።


ሳቢያን_እናት
እሑድ፣ ጠዋት 2፡50

ጋሼ፣ ማግኔቱ ሰራ! የልጄን አሮጌ ስፒከር ፈታሁት። ብረቶቹ በወርዱ ነው የሚሄዱት፣ በየ60። ከግድግዳው 60፣ 120፣ 180፣ 240 እያሉ ይቀጥላሉ። ሰራተኛው የቀደደው ደግሞ ልክ 240 ላይ ነው። የክፍሉ ግማሽ ማለት ነው። ብረቱን በስልኬ መብራት አየሁት፤ ተጭሯል እንጂ አልተቆረጠም።

ግን አሁን ሌላ ነገር ገባኝ። ሦስት መብራት በእኩል ርቀት ከተደረገ መሃለኛው ሁልጊዜ 240 ላይ ነው የሚወድቀው። ታዲያ ምን ይሻላል?


ከዚራ_ፌዝ
እሑድ፣ ጠዋት 3፡30

ጎበዝ! ይሄን ሂሳብ ሳይቆርጡ በፊት የሚሰራ ቢበዛልን ስንት ኮርኒስ ይተርፍ ነበር።

የተለመደው አሰራር እንዲህ ነው። የክፍሉን ርዝመት ለመብራቱ ቁጥር አካፍዪ። 4.8 ለ3 ሲካፈል 1.6 ነው። በመብራትና በመብራት መካከል 1.6 ሜትር፣ ከግድግዳ ደግሞ ግማሹ፣ 80 ሳንቲ ሜትር። በወርዱ 3.6 ለ2፣ 1.8 ነው፤ ከግድግዳ 90። ስለዚህ በርዝመቱ 80፣ 240 እና 400 ላይ ይወድቃል። 240ው ብረትሽ ነው።

4 በመስመር ይሁን ብትዪ 60፣ 180፣ 300፣ 420 ይመጣል፤ አራቱም ብረት ላይ። 2 ይሁን ካልሽ 120 እና 360፤ እነሱም ብረት ላይ። የክፍሉ ልክና የብረቱ ልክ አብረው ስለሚካፈሉ ነው።

መፍትሄው መሃለኛውን ብቻ ማዞር አይደለም። እሱን ብቻ ካዞርሽው ሁልጊዜ ዓይንሽ እዚያ ላይ ይተከላል። ሙሉውን መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ግፊው፤ 90፣ 250፣ 410 ይሁን። ሁለተኛውንም መስመር እንደዚሁ። በመካከላቸው ያለው 1.6 አልተነካም። ከአንዱ ግድግዳ 90፣ ከሌላው 70 ይሆናል፣ ግን ማንም እንግዳ ግድግዳ አይለካም። ሰው የሚያየው መብራቶቹ ቀጥ ማለታቸውንና እርስ በርስ መራራቃቸውን ነው። መጋረጃው ያለበት በኩል 70ው ይሁን፣ መጋረጃው ብርሃኑን ይወደዋል።

250 እና 410 ላይ ብቻ ተጠንቀቂ። 240 እና 420 ላይ ብረት አለ፣ ቀዳዳው ከብረቱ የሚርቀው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመብራቱ ስፕሪንጎች ሁለት ናቸው፤ በብረቱ በኩል እንዳይከፈቱ መብራቱን አዙረሽ አስገቢው።


ሸዋ_በር_አናጢ
እሑድ፣ ጠዋት 4፡15

የተበላሸውን ቀዳዳ እኔ ልንገርሽ። በስቱኮ ብቻ ልትሞዪው እንዳትሞክሪ። ስቱኮ ባዶ ቦታ አይሸከምም፣ ይወድቃል።

ቀዳዳውን ትልቅና አራት ማዕዘን አድርጊው። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ብረቱ መሃሉን እንዲያቋርጠው። ማለት ከ220 እስከ 260። መስመሩን በእርሳስና በእንጨት ስኩዌር አስምሪ፣ ከዚያ በካተር ወረቀቱን ቁረጪ፣ ቀጥሎ በጂፕሰም መጋዝ። ብረቱ ጋ ስትደርሺ መጋዙን አቁሚ፤ እዚያ በካተር ብቻ ደጋግመሽ አስምሪ።

ከዚያ ሁለት ጣውላ፣ አራት ጣት ያህል ወርድ ያላቸው፣ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አስገብተሽ በሁለቱ ጎን ከነባሩ ጂፕሰም ጀርባ አስደግፊያቸው። ግማሹ ነባሩን ይያዝ፣ ግማሹ ለአዲሱ ይትረፍ። በቪቴ ከታች እሰሪያቸው። አዲሱን ቁራጭ በጣውላዎቹና በመሃለኛው ብረት ላይ እሰሪ። የቪቴው ራስ ወረቀቱን ሳይቀድድ ትንሽ ብቻ ይስመጥ። መገጣጠሚያው ላይ መረብ ፕላስተር ለጥፊ፣ ስቱኮ በሦስት ዙር ቀቢ፣ እያንዳንዱ ይድረቅ። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው ሰፋ ይበል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት።

250 ላይ ያለው አዲሱ ቀዳዳ በዚሁ በአዲሱ ቁራጭ ውስጥ ይወድቃል። ከመገጣጠሚያው 6 ሳንቲ ሜትር ስለሚርቅ ችግር የለውም። ግን ስቱኮው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትቁረጪው።


የጁገል_ልጅ
እሑድ፣ ቀን 9፡10

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ደግሞ ቤታችን ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ነው። ከአያቶቻችን የወረስነው ጌ ጋር፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። ነደባዎቹ (ከፍ ያሉት መደቦች) ሁሉ እንዳሉ ናቸው። ጣሪያው በተደረደረ እንጨት የተሰራ ነው። ወንድሜ ከነደባው በላይ 4 ስፖት ላይት ለመቅበር እያሰበ ነው። ይቻላል?


ሸዋ_በር_አናጢ
እሑድ፣ ማታ 1፡00

እባክህ ልጄ፣ አትንኩት። በዚህ ነገር ላይ ልመና ነው የምለምንህ።

ያ እንጨት ጌጥ አይደለም፣ ጣሪያውን የሚሸከመው እሱ ነው። ከላዩ አፈር አለ። ስትበሳው ባዶ ቦታ አታገኝም፣ እንጨትና አፈር ነው የምታገኘው። ዝናብ ሲመጣ ያ ቀዳዳ የውሃ መንገድ ይሆናል። ደግሞ ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በግንቡ ብቻ አይደለም፣ በእነዚህ ቤቶች የውስጥ አሰራርም ነው። ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የቅርስ ቢሮውን አማክሩ።

ብርሃን ከፈለጋችሁ ግድግዳው ላይ ያሉትን እቃ የሚቀመጥባቸውን ጎድጓዳዎች ተጠቀሙ። ቀጭን የኤልኢዲ ገመድ ከጠርዙ ጀርባ ብታደርጉበት፣ ሞሶቦቹና የግድግዳ ሳህኖቹ ከጎን ብርሃን ሲያርፍባቸው ከላይ ከሚወርድ ስፖት ይልቅ ያምራሉ። ለአንድ ቤተሰብ እንዲህ ሰርቼላቸው እናትየው እጄን ይዛ መረቀችኝ። ሽቦው ሳይቀበር፣ ከላይ በቱቦ በጥግ ይሂድ፤ ሲያስፈልግ ያለ ጠባሳ ይነሳል።


የጁገል_ልጅ
እሑድ፣ ማታ 1፡25

አመሰግናለሁ አባቴ። ለወንድሜ አሁኑኑ አነብለታለሁ።


ለገሃሬ_ጎረቤት
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡45

የእኔ ኮርኒስ ቺፕውድ ነው፣ ከሞራሌ (ከኮርኒስ እንጨቱ) ጋር የተመታ። ለእሱም ያው ነው? ደግሞ ከድሮ የተረፈ ባለ 50 ዋት ሃሎጂን ስፖት አለኝ፣ እሱን ልጠቀም?


ከዚራ_ፌዝ
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡20

ሃሎጂኑን እርሳው። በጣም አጥብቄ ነው የምነግርህ። ባለ 50 ዋት ሃሎጂን አብዛኛውን ጉልበቱን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። አንድ ጊዜ መጋላ አካባቢ ጠፍቷል የተባለ መብራት ልቀይር ወጣሁ። መብራቱን ሳወርደው የቺፕውዱ ቀዳዳ ዙሪያውን እንደ ተቃጠለ ዳቦ ጠርዝ ጠቁሮ ነበር። በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ከላዩ የአይጥ ጎጆ፣ ጨርቅና ወረቀት ነበር። ከሥሩ ልጆች ነበር የሚተኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጨት ኮርኒስ ላይ ሃሎጂን አልገጥምም። ከ5 እስከ 7 ዋት ያለው ኤልኢዲ ተመሳሳይ ብርሃን ይሰጥሃል።

ኤልኢዲም ሙቀት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሙቀቱ ወደ ጀርባው ነው የሚሄደው። እኛ ድሬ ያለነው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቀን ከቆርቆሮ ሥር ያለው አየር እንደ ምድጃ ነው። ሐረር ከ1,800 በላይ ስለሆነች ይሄ ችግር እንደኛ አይጠናባትም። እዚህ ቶሎ የሚሞተው አምፖሉ ሳይሆን ድራይቨሩ (ለኤልኢዲው ኃይሉን የሚያስተካክለው ትንሽ ሳጥን) ነው። ስለዚህ ድራይቨሩን መብራቱ ጀርባ ላይ አትጫነው፣ ከጎን በኩል ጂፕሰሙ ወይም ቺፕውዱ ላይ ለብቻው ይረፍ። በጨርቅ ወይም በስፖንጅ አይሸፈን። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ሽቦ ተው። ድራይቨሩ ሲበላሽ በቀዳዳው ጎትተህ አውጥተህ ትቀይረዋለህ፣ ኮርኒስ አይፈርስም።


ሸዋ_በር_አናጢ
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡50

ቺፕውድ ላይ ማግኔቱ ሚስማሩን ያሳይሃል። ግን ሞራሌው የት ድረስ እንደሚሰፋ ለማወቅ ሌላ ዘዴ አለኝ። የቀዳዳው መሃል ላይ በቀጭን መብሻ፣ 6 ሚሊ ይሁን፣ ብሳ። ጠንካራ ሽቦ ውሰድና ጫፉን 5 ሳንቲ ሜትር ላይ እንደ መንጠቆ እጠፈው። በቀዳዳው አስገብተህ ዙሪያውን አሽከርክረው። ያለ ምንም እንቅፋት ከዞረ ቦታው ነፃ ነው። ካቆመህ እዚያ ሞራሌ ወይም ቱቦ አለ። ትንሿን ቀዳዳ በስቱኮ ዘግተህ ቦታ ትቀይራለህ፤ ማንም አያያትም። ለጂፕሰምም ይሰራል።

ቺፕውድ ሲቆረጥ ጠርዙ ይፈረከሳል። መጀመሪያ ድሪሉን ወደ ኋላ አዙረህ ላዩን ብቻ አስምርበት፣ ከዚያ ወደፊት አዙረህ ቀስ ብለህ ቁረጥ። አትጫነው። ከባድ እጅ ያለው ሰው መጨረሻ ላይ ድሪሉ በአንዴ ሲገባበት ጠርዙን ይሰብራል።


ገንደ_ቆሬ_7
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

ስለ አቧራውስ? እኔ ቤት ሲቆርጡ ሶፋው ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር፣ እናቴ ሳምንት ሙሉ አስነጥሷታል።


ከዚራ_ፌዝ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ባዶ የማርጋሪን ወይም የአይስክሬም ፕላስቲክ እቃ ውሰድ። ታችኛውን መሃል በስተህ የድሪሉን መብሻ አሳልፍበት፤ ሆልሶው በእቃው ውስጥ ይቀመጥ፣ አፉ ወደ ኮርኒሱ ይሁን። ሲቆረጥ አቧራው እዚያው ይጠራቀማል። መነፅር ግን ግድ ነው። ከራስ በላይ የሚሰራ ሰው ዓይኑ የአቧራው መውረጃ ነው። አፍና አፍንጫም ይሸፈን።

እህቴ፣ የመጨረሻውን ልበልሽ፣ ከሁሉም የሚበልጠውን። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት አይበቃም። በድሮ ቤቶች ፌዙ (የሚነዝረው ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ማጥፊያው ላይ የታሰረበት ብዙ አይቻለሁ፤ አምፖሉ ጠፍቶ ሽቦው ግን ይነዝራል። ከቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አውርዱ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ንኩ። ብሬከሩ ላይ «ሰው አለ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ልጆች ቲቪ ጠፋ ብለው ሮጠው ያነሱታል። ለመብራት 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሽቦ በቂ ነው። ስድስቱ አንድ ላይ 42 ዋት ናቸው፣ ከአንድ የድሮ አምፖል ያነሰ። ሽቦው በቱቦ ይሂድ፣ አይጥ ባዶውን ይበላዋል። ማያያዣው ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይሁን፣ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ አይጣል።

ስራውን ጠዋት በ1 ሰዓት ጀምሩ። 5 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ እዚያ ላይ ያለው ሙቀት ሰው ያዞረዋል፣ መሰላል ላይ ያለ ሰው ደግሞ መዞር የለበትም።


ሳቢያን_እናት
በቀጣዩ ሰኞ፣ ማታ 2፡05

ተመልሻለሁ። ባለቤቴ ሐሙስ ገባ። ዓርብ ጥገናውን ሰራን። 40 በ40ውን ስንቆርጥ ብረቱ በመሃል ሲያልፍ በደንብ ታየ፣ ጭረቱም እዚያው አለ። ጣውላዎቹን አሳለፍን፣ ቁራጩን አሰርን። ስቱኮው ለሦስት ዙር ሁለት ቀን ወሰደ። የድሬ ሙቀት ለማድረቅ ረድቶናል።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ኤሌክትሪሻን መጣ። 76 ሆልሶ ይዞ እንዲመጣ ቀድሜ በስልክ ነግሬው ነበር። በስፓጎ (በሲባጎ) መስመሩን አወጣን። ትንሹን ልጄን ከታች የስፓጎውን ጫፍ አስያዝኩት፣ እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። በየነጥቡ መጀመሪያ ሽቦውን አሽከረከርን። አምስቱ ነፃ ሆኑ። 410 ላይ፣ በበሩ በኩል ባለው፣ ሽቦው አንድ ነገር ነክቶ ቆመ። ብረት መሰለን። ስናይ የድሮው የኤሌክትሪክ ቱቦ ነው። ሆልሶው ቢገባ ኖሮ ይቆርጠው ነበር። በሁለት ጣት ገፋ አድርገን አራቅነው።

ስድስቱም ገብተዋል። የመጨረሻውን እኔ ነኝ ያስገባሁት። ስፕሪንጎቹን ይዤ ወደ ላይ ስገፋው ጠቅ ብሎ ተያዘ፣ ቀለበቱ ኮርኒሱ ላይ ተለጠፈ። የትኛው ቦታ ላይ ጥገና እንዳለ ባለቤቴ ራሱ ፈልጎ አላገኘውም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሁለቱ መብራቶች ሲጠፉም በጨለማ ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። ምንድን ነው?


ከዚራ_ፌዝ
በቀጣዩ ሰኞ፣ ማታ 2፡30

እንኳን ደስ አለሽ! ማጥፊያሽ ላይ በጨለማ የምታበራ ትንሽ ቀይ መብራት አለች? ካለች የምታሳልፈው ጥቂት ኃይል ኤልኢዲውን ያደበዝዘዋል። ያለዚያ ደግሞ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሻኑ ነገ ብሬከሩን አውርዶ ማጥፊያውን ይክፈትና ፌዙ እዚያ መታሰሩን ይይ። እስከዚያ አምፖሉን ለማውጣት ወይም ለመንካት ማንም እጁን እንዳያስገባ፤ ጠፍቷል ብለሽ አትመኚው።


ሳቢያን_እናት
በቀጣዩ ሰኞ፣ ማታ 2፡38

ቀይ መብራት የላትም። እንግዲያው ኒውትራሉ ሳይሆን አይቀርም። አሁን ደውዬለት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይመጣል። ብሬከሩን አውርጄ ወረቀቱን ለጥፌበታለሁ።